የፊታውራሪ ድልነሳው ግብር

ከአበው አፍ ዝም ብሎ የወጣ ቃል የለም። ሰንቀጤ በሚባል አገር ሹም ካለው በላይ ሲደግስ፣ ገበያው በሰው አገር ዕቃ ሲደምቅ ያዩ ሽማግሌዎች የሚወረውሯት አንዲት አነጋገር አለች። ልጆች በዘፈቀደ ይሏታል፤ እንዴት እንደተወለደች የሚያውቅ ግን ሲላት ድምፁ ዝቅ ይላል።

ፊታውራሪ ድልነሳው ሰንቀጤ ላይ በተሾሙ ጊዜ የጎተራቸው ሹም ውቃው የሚባል ሰው ነበር። ማንበብ አያውቅም፤ ግን የገባውንና የወጣውን እህል በጠጠር እየያዘ አንዲት ቁና አይስትም። በመጀመሪያው ዓመት ከባላገሩ አራት መቶ ዳውላ ገባ። ለወታደሩ ቀለብ፣ ለድግሱና ለአዲሱ አዳራሽ ስድስት መቶ ወጣ። ጉድለቱን የቀድሞው ሹም ያስቀመጠው እህል ሸፈነው። በሁለተኛው ዓመት ግን የጎተራው ወለል ታየ።

ውቃው ጌታው ፊት ቀርቦ እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ የተቀመጠው አልቋል። የዘንድሮውን ድግስ በግማሽ እናድርገው።»

«ጌታ በግማሽ ያበላል? ወታደሬ ሄዶ ለሌላ ይደር?»

«እንግዲያው ከባላገሩ ይጨመር?»

«ባላገሩ ገና በመጣሁ ያማኝ? የለም። ኑርዬን ጥራልኝ።»

ኑርዬ ከቆላ በአርባ በቅሎ አሞሌ ጨውና አቡጀዲ የሚባለውን የሰው አገር ጨርቅ እየጫነ የሚወጣ ነጋዴ ነው። ሲመለስም አርባዎቹ በቅሎዎች ማር፣ ቅቤና ሰም ተጭነው ይወርዱ ነበር። ፊታውራሪ በአዝመራ እመልሳለሁ ብለው ማሉለት፤ እሱም ሁለት ሺህ አሞሌ አበደራቸው። ወታደሩም በዚያ ዓመት ቀለቡን በእህል ፋንታ በአሞሌ ተቀበለ፤ አሞሌ ያኔ ገንዘብ ነበርና።

ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ የቅዳሜ ገበያ ታይቶ አይታወቅም ተባለ። ወታደሩ አሞሌውን ይዞ ወረደ። የአገሩ ሸማኔ ለዚያ ሁሉ ሰው አልደረሰም፤ ማሩና ቅቤውም እዚያው ተገዝቶ እዚያው ተበላ። የቀረው አሞሌ ሁሉ ወደ ኑርዬ አቡጀዲ ሄደ። የውቃው ሚስት እንኳ አዲስ ቀሚስ አሰፋች፤ እሱም አይቶ ደስ አለው።

ደስታው የቆየው ኑርዬ ቆላ እስኪወርድ ነበር። ውቃው ሊሸኘው ወጥቶ በቅሎዎቹን ቆጠረ። የተጫኑት አሥራ አምስት ብቻ ናቸው።

«ሌሎቹስ?» አለ።

«ምን ልጫንባቸው? ማራችሁን ራሳችሁ በላችሁት» አለ ኑርዬ። ልጓሙን ይዞ ወደሱ ዞረ። «ውቃው ወንድሜ፣ ያበደርኩት አሞሌ በአቡጀዲ ዋጋ ተመልሶ እጄ ገብቷል። የጌታህ ዕዳ ግን እንዳለ ነው። በቅሎዬ ባዶዋን ስትመለስ እኔን ደስ የሚለኝ እንዳይመስልህ። እኔም ከወደብ ሰዎች ነው የምበደረው።»

ውቃው ይህን ለጌታው ሊነግር አስቦ ነበር። እልፍኝ ሲደርስ አዝማሪው እየዘፈነ፣ ጌታው እየሳቁ አገኛቸውና ዋጠው። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም ዓመት ኑርዬ ተጠርቶ አበደረ፤ ውቃው ዋጠው።

በአምስተኛው ዓመት ግንቦት ላይ ኑርዬ ያለ አቡጀዲ መጣ። የወደብ ሰዎች ይዘውታል፤ ከእንግዲህ መጠበቅ አይችልም። ጎተራው ባዶ ነው። ፊታውራሪም ለዕዳው መክፈያ ጥማድ ያለው ሁሉ ከጥማዱ አንዱን በሬ እንዲያመጣ አዘዙ፤ ሰብሳቢውም ውቃው ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ወታደሮቹን አስከትሎ የእህቱ የይታክቱ ደጅ ደረሰ። ባሏ ደርብ ከበረቱ በር ላይ ቆመ።

«ጋሼ ውቃው፣ ሰኔ ደረሰ እኮ። በአንድ በሬ ይታረሳል?»

«ከጎረቤት ጋር አቀናጁ።»

«አቀናጅተን ግማሹን ብናርስ ግማሽ ዓመት ልንበላ ነው?»

ይታክቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ወደ ወንድሟ ቀረብ አለች። «ጋሼ፣ ቦራውን በሬ አንተ አይደለህ በሰርጌ የሰጠኸኝ? ያኔ ጥጃ ነበር።»

ውቃው ፊቷን ማየት አልቻለም። ወታደሮቹን ገለል አድርጎ ገመዱን ራሱ ፈታ። የደርብ አባት አባ ይርዳው በትራቸውን ተደግፈው ከደጃፉ ሆነው አዩት። በማግስቱ የሰንቀጤ በሬዎች በአንድ መንጋ ተነድተው ቁልቁለቱን ወረዱ። አቧራው እስከ ቀትር አልሰከነም።

የዚያ ክረምት ግማሹ መሬት ጾሙን አደረ። አዝመራው ሲገባ ፊታውራሪ እንደ ወትሮው አራት መቶ ዳውላቸውን አስገቡ። በመጋቢት ሰው ቅጠል መቀቀል ጀመረ። በሚያዝያ የይታክቱ ጡት ነጠፈ፤ ሕፃኗንም ቀበሩ። ውቃው ለቀብሩ ሲመጣ ደርብ አካፋውን አልሰጠውም። ቆሞ አይቶ ተመለሰ።

ወታደሩ መክዳት ሲጀምር ፊታውራሪ ሕዝቡን ገበያው ሜዳ ላይ ሰበሰቡ። የሚሸጥም የሚገዛም አልነበረበትም።

«አገሬን ያደረቀው ኑርዬ ነው!» አሉ። «አቡጀዲ አልብሶ በሬያችንን ነዳ! ከዛሬ ጀምሮ ነጋዴ የሚባል ሰንቀጤን እንዳይረግጥ!»

ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። ውቃው ብቻ ከሹማምንቱ መካከል ወጥቶ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ኑርዬ በረት አልሰበረም። ገመዱን የፈታሁ እኔ ነኝ። ከሚገባው የሚወጣው ሲበልጥ አምስት ዓመት በጠጠር እየቆጠርኩ ያየሁም እኔ ነኝ። ጉድለታችንን በሰው አገር ጨው ሞላን፤ ጨዉም የሰው አገር ጨርቅ ገዝቶ ተመለሰ። መንገዱን ቢዘጉት የኛ ቀዳዳ አይደፈንም።»

«እሰሩት!» አሉ ፊታውራሪ።

ወታደሮቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ቆይተው ያዙት። ውቃው አልታገለም። እጁን ወደ ኋላ ሲያስሩት ዓይኑ ከሕዝቡ መካከል እህቱን ፈለገ። አገኛትም፤ እሷ ግን ወደሱ አላየችም።

ያን ጊዜ አባ ይርዳው በትራቸውን ተመርኩዘው ቀስ ብለው ተነሡ። የታሰረውን ሰው አዩ፣ ጌታውን አዩ፣ ሣር የበቀለበትን ገበያ አዩና እንዲህ አሉ፦ «የጌታ ጎተራ ቢያፈስ፣ የድሃ በሬ ቆላ ወረደ።»