ባለ ስሙ ጊታርና የየሺ የስፌት መኪና

አንድ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነበር። ተካልኝ ይባላል፤ የሚኖረውም ሠርግና ሆቴል በማይጠፋባት በአንዲት የሐይቅ ዳር ከተማ ነው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጣቶቹ ክፉ አልነበሩም። ክፉው አፉ ነበር። ድምፁ ቢደበዝዝ «ጊታሩ ነው» ይላል። ቅኝቱ ቢወርድ «ጊታሩ ነው» ይላል። ሙሽራው በጭፈራ መሀል ቢደናቀፍ እንኳ «እኔ ምን ላድርግ? ይሄ እኮ ርካሽ ጊታር ነው!» ከማለት አይመለስም። ጊታሩ ምስኪን ዕቃ ነው፤ ስም የለው፣ ወገን የለው፣ ከገበያ በርካሽ ተገዝቶ የስንቱን ሠርግ ሲያስጨፍር የኖረ።

ታዲያ አንድ ቀን ልምምድ ላይ ሳሉ የባንዱ መሪ ማናዬ ከኪቦርዱ ቀና አለና ሙዚቃውን አስቆመ።

«ስማ ተካልኝ፣ እሑድ የሐይቁ ሆቴል ባለቤት መጥቶ ይሰማናል። ከወደደን ዓመቱን ሙሉ ሥራ አለን። ያንተ ቤዝ ግን ጭቃ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው ነው፤ የቱን እንደረገጠ አይታወቅም። ወይ ጊታሩን ቀይር፣ ወይ እኔ ተጫዋች ልቀይር።»

«ስነግራችሁ አልነበር!» አለ ተካልኝ፤ ደነገጠም፣ ደስም አለው። «ስም ያለው ጊታር ይኑረኝና ያኔ ታያላችሁ!»

ስም ያለው ቤዝ ጊታር በከተማዋ አንድ ብቻ ነበር። እሱም ጋሽ ለገሠ ሱቅ ውስጥ፣ መስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ጋሽ ለገሠ በጉብዝናቸው ዘመን ቤዝ ሲጫወቱ የኖሩ፣ አሁን የሙዚቃ መሣሪያ የሚሸጡ ሰው ናቸው። የጊታሩን ፋብሪካ ስም አልጠራም፤ ሙዚቀኛ የሆነ ያውቀዋል፣ ያልሆነ ደግሞ ባያውቀው እንቅልፍ አያጣም። ለሰው ሲሆን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን። የጊታር ስም ግን የሚውለው ራሱ ላይ ነው፤ መድረክ ፊት የቆመ ሁሉ እንዲያነበው ደምቆ ይጻፋል።

ተካልኝ አሮጌውን ጊታር ይዞ ሄዶ ብሶቱን ነገራቸው። ጋሽ ለገሠ ጊታሩን ተቀበሉት፣ አንዱን ክር በጣታቸው ዳበስ አደረጉ፣ ጣታቸውን በሱሪያቸው ጠረጉና ምንም ሳይናገሩ መለሱለት። ከዚያ መስታወቱን ከፈቱ።

«ውሰደው፤ ቤትህ ተጫወትበት። ቅዳሜ ወይ ጊታሩን ታመጣለህ፣ ወይ ዋጋውን።»

ዋጋውን! እናንተዬ፣ በተካልኝ ቤት ያንን ዋጋ የሚያወጣ አንድ ዕቃ ብቻ ነበር፤ የሚስቱ የየሺ የስፌት መኪና። ደግሞ ዝም ብሎ ዕቃ እንዳይመስላችሁ። ሁዳዴ ሲገባ ሠርግ ይቆማል። ባንዱም ዕቃውን ጠቅልሎ ፋሲካን ይጠብቃል። በዚያ ሁሉ የጾም ወራት ቤቱ የሚያድረው፣ ልጆቹም የሚማሩት በዚያ መኪና ነው።

የሺ ነገሩን ሰምታ ጠየቀችው።

«ሆቴሉ ዓመቱን ሙሉ ነው ያልከኝ?»

«ዓመቱን ሙሉ። ጾም የለ፣ ፍስክ የለ።»

«እንግዲያው መኪናው ይሸጥ። ያ ታች ሰፈር ያለው ልብስ ሰፊ ሁሌም ሽጭልኝ ይለኛል። ቅዳሜ ይምጣና ይውሰደው» አለች። ልቧን አጨክና ተናገረች እንጂ እጇ መኪናውን አልለቀቀም። ተካልኝም አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ተካልኝ አፉ እንዲህ ቢሆንም አንድ መልካም ዓመል ነበረው። ነገር መመርመር ይወዳል። ልጅ ሳለ የአባቱን ሬዲዮ ፈትቶ መግጠም አቅቶት የተገረፈ ሰው ነው። ባለ ስሙን ጊታር ቤቱ ባስገባ ማግስት፣ ልቡ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይበላው ጀመር። ለመሆኑ ይሄ ከዚያ የሚሻለው በምንድን ነው? እውነት በጆሮ ይለያል ወይስ ዓይኔ ነው የሚያታልለኝ?

ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ መሀሉን መጋረጃ ይለየዋል። የሺ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጣ ትሰፋለች።

«የሺ፣ ባለሽበት ሆነሽ ስሚኝ፣ እንዳታዪ። አንድ ዜማ በሁለቱም እጫወታለሁ። የትኛው እንደሚሻል ንገሪኝ» አላት።

በመጀመሪያ በአሮጌው ተጫወተ። ቀጥሎ በባለ ስሙ ተጫወተ።

አሁን ልብ አድርጉልኝ። የዳኛዋ እንጀራ በፍርዱ ላይ ተንጠልጥሏል። የሺ የአሮጌውን ጊታር ድምፅ በዚያው መጋረጃ በኩል ስትሰማው ኖራለች፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይጠፋትም። «የመጀመሪያው ይሻላል» ብትል መኪናዋ ከቤት አይወጣም። ማን ይጠይቃታል? ማንስ ይፈርድባታል?

የመኪናው ፔዳል ቆመ።

«ሁለተኛው ይሻላል» አለች። «ቃሉ ጥርት ብሎ ይለያል። የመጀመሪያው አፉን በእጁ ሸፍኖ የሚያወራ ሰው ነው የሚመስለው።»

ተካልኝ «አላልኩም!» ብሎ ሊዘል ነበር። ግን የፔዳሉ ድምፅ አልተመለሰም። ጠበቀ፤ አሁንም የለም። ሚስቱ መተዳደሪያዋን የሚያሳጣትን እውነት ተናግራለች፤ እሱ ደግሞ ለምን እንደሚሻል እንኳ አያውቅም። ምክንያቱን ሳላውቅማ መኪናዋን አልሸጥባትም አለ።

ሁለቱን ጊታሮች አልጋው ላይ ጎን ለጎን አጋድሞ ይመረምራቸው ጀመር። የባለ ስሙ አንገት ልስልስ ያለ ነው፤ የአሮጌው ጠርዝ መዳፍ ይቧጥጣል። የባለ ስሙ መቃኛ ቁልፍ ባሠሩት ይቆማል፤ የአሮጌው ይላላል። እንጨታቸውን ቆረቆረ፣ አመዘነ፣ አሸተተ እንኳ። ይሄ ሁሉ ልዩነት ነው፤ አፍን በእጅ የሚያሸፍን ግን አልመስል አለው። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፍኖ ክሮቹን በጣቱ ዳበሰ።

ወይ ጉድ! የባለ ስሙ ክር ሻካራና ንቁ ነው። የእሱ ደግሞ ያሟልጫል፤ የስንት ዓመት ላብና እድፍ ጠጥቶ ጠቁሯል። መቼ ነበር የቀየረው? አሰበ፣ አሰበ። ቀይሮት አያውቅም!

ለነገሩ እሱ ብቻ አይደለም። ዜማ የሚመራው የሊድ ጊታር ክር ቀጭን ነው፤ ይበጠሳል፣ ይቀየራል። የቤዝ ክር ግን ወፍራም ስለሆነ አይበጠስም። በሠርግ ባንዶች ዘንድ ደግሞ ያልተበጠሰ ክር መቀየር እንደ ቅብጠት ይቆጠራል። እንዲያውም «የኔ ክር ከባንዱ ድምፃዊ በዕድሜ ይበልጣል» ብሎ የሚኩራራ አለ። ክሩ ከሞተ በኋላም አይበጠስምና ማንም አይቀብረውም።

ቅዳሜ ጠዋት ተካልኝ የሁለቱንም ክር ፈታ። አዲሱን በአሮጌው ጊታር፣ የሞተውን በባለ ስሙ ላይ አሰረ። ቃኛቸውና ሚስቱን ጠራ።

«የሺ፣ አንዴ ደግሞ ስሚኝ።»

«ምን እንድሆን ብለህ ነው? አንዴ ነግሬሃለሁ!»

«እባክሽ፣ ለመጨረሻ ጊዜ።»

ተጫወተ። ሁለቱም ተራ በተራ ሲያበቁ የሺ ከመጋረጃው ወዲያ ፈጥና መለሰች፦ «የመጀመሪያው ነዋ! ያ ውዱ! ሁለተኛው ያው የታፈነው የኛው ነው።»

ተካልኝ የመጀመሪያውን ይዞ መጋረጃውን ገለጠ። በእጁ የያዘው አሮጌውን ጊታር ነበር።

«አትቀልድብኝ» አለች የሺ፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «በዚህ ቀን አይቀለድም።»

የሆነውን ነገራት። አላመነችም። ዓይኗ እያየ አዲሱን ክር መልሶ በባለ ስሙ ላይ አስሮ ተጫወተላት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ሰማችው።

«ልዩነትስ አለ» አለች በመጨረሻ። «ይሄኛው ረጋ ያለ ነው፤ ወፍራሙም ድምፅ ይከብዳል። ግን ልዩነቱ የስፌት መኪና የሚያህል አይደለም።»

ነገሩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ሰው ግን ሰው ነው። ተካልኝ «ስሙስ? የሆቴሉ ሰውዬ የጊታሩን ራስ ቢያይስ? ማናዬስ ምን ይለኛል?» እያለ ሲብሰለሰል፣ እገዛለሁም አልገዛምም ሳይል ሁለቱን ጊታሮች ተሸክሞ ወጣ። የሺም ዝምታውን «እገዛለሁ» ማለቱ ነው ብላ ወሰደችው።

ጋሽ ለገሠ በፈገግታ ተቀበሉት። «እህ፣ ጊታሩን ነው ያመጣኸው ወይስ ዋጋውን?»

«ጋሽ ለገሠ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይሄ ከኔው በምን ይበልጣል?»

«ይበልጣልማ! የዚህ አንገት ሃያ ዓመት ብትጫወትበት አይጣመምም። ነገ ብትሸጠው ገንዘብህን ይመልስልሃል። ያንተን ብትሸጠው የምሳም አይወጣው፤ ፀሐይ ላይ ካዋልከውም እንደ ቆዳ ይቆለመማል።»

«ድምፁስ? ክሩን አንድ ዓይነት ባደርገውስ?»

ሽማግሌው ሳቁ። «ደረስክበት? እንደዚያ ከሆነማ ከመድረኩ ፊት የቆመ ሰው ለመለየት ይቸገራል።»

«ያን ቀን በጣትዎ ሲዳብሱት አውቀው ነበር ማለት ነው?»

«አወቅሁ እንጂ! ዕድሜዬን የበላሁበት ሥራ!»

«ታዲያ ምነው አልነገሩኝም?»

«ልጄ፣ እኔ እኮ ሻጭ ነኝ» አሉ ጋሽ ለገሠ፣ ያለ ክፋት። «አንተም የጠየቅከኝ ጊታር ነው፤ ክር አልጠየቅከኝም።»

ተካልኝ ነገሩን በልቡ መዘነው። እኚህ ሰው ቢናገሩ ገበያ ይቀርባቸዋል፤ ስለዚህ ዝም አሉ። አልተቀየማቸውም፤ ሻጭ ናቸው። ግን የሺስ? የሺ ብትናገር መኪናዋን ታጣለች፤ እሷ ግን ተናገረች። ያቺን ሴት አንድ ቃል ሳይነግራት ነው ከቤት የወጣው!

«አንድ ሙሉ የቤዝ ክር ይስጡኝ፣ ቶሎ!» አለ።

ባለ ስሙን ጊታር ባንኮኒው ላይ ትቶ በሩጫ ቤቱ ደረሰ። በሩ ላይ ጋሪ ቆሟል። የስፌት መኪናው ጋሪው ላይ ወጥቶ በገመድ ታስሯል። ልብስ ሰፊው የመጨረሻውን ቋጠሮ ያጠብቃል። የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

«ቆይ! ቆይ! አውርደው!» ብሎ ጮኸ ተካልኝ።

«እንዴት ነው አውርደው? ቃል አይደለም እንዴ?» አለ ልብስ ሰፊው ተቆጥቶ። «ጋሪ ተከራይቼ መጥቼ!»

«እውነትህን ነው ወንድሜ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ጋሪውን እኔ እከፍላለሁ፣ ይቅርታህን ግን እለምናለሁ። መኪናው አይሸጥም።»

ሰውየው አጉረመረመ፤ ግን የየሺን ፊት ሲያይ ገመዱን መፍታት ጀመረ። የሺ ግራ ገብቷት ባሏን ታየዋለች።

«ጊታሩን አልገዛህም?»

«ክር ገዛሁ።»

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ መኪናውን ተደግፋ አለቀሰች። ተካልኝም አብሯት አለቀሰ፤ ልብስ ሰፊው እንኳ አፍንጫውን ሳብ ሳብ አደረገ ይባላል።

እሑድ የሆቴሉ ባለቤት መጣ። የጊታሩን ራስ አላየም። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሰማው፤ እግሩ ግን ከጠረጴዛው ሥር ምት ይቆጥር ነበር። ሲያበቁ «በሚቀጥለው ሳምንት ጀምሩ» ብሎ ሄደ። ማናዬ ወደ ተካልኝ ዞሮ ያንኑ ጊታር ሲያይ ዓይኑን ማመን አቃተው።

«ምን አደረግኸው?»

«ክሩን ቀየርኩለት።»

የሺ ያን ቀን ልትሰማ መጥታ ነበር። አብረው ወደ ቤት ሲመለሱ ተካልኝ ልቡ ውስጥ የከረመውን ጠየቃት።

«ያን ቀን ምነው አልዋሸሽኝም? ‹የመጀመሪያው ይሻላል› ብትዪኝ ኖሮ መኪናሽ ጋሪ ላይ አይወጣም ነበር። አምንሽ ነበር እኮ።»

«አስቤው ነበር» አለች የሺ ሳትደብቅ። «ግን ዋሽቼህ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለተኛ ስትጠይቀኝ የኔ ቃል ምን ይጠቅምህ ነበር?»

ተካልኝ የሚስቱን ክንድ ይዞ መንገዱን ቀጠለ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ስም ዋጋ የለውም የሚል ትምህርት ከዚህ ታሪክ እንዳታወጡ። ጋሽ ለገሠ አልዋሹም፤ ባለ ስሙ ጊታር ጥሩ ጊታር ነው። ትምህርቱ ወዲህ ነው። እኛ ሰዎች የራሳችንን የምናወዳድረው ከተንከባከቡት የሰው ዕቃ ጋር ነው። የራሳችንን ለዓመታት ረስተን፣ አቆሽሸን፣ ዝም ብለን፣ ከዚያ «ርካሽ ነውና ነው» እንላለን። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይሄ ነው። ከመፍረዳችን በፊት ለሁለቱም እኩል አዲስ ክር ማሰር ይገባን ነበር። ይሄ ለጊታር ብቻ አይምሰላችሁ፤ ለልጅም፣ ለትዳርም፣ ለሥራ ባልደረባም ነው።

ሁለተኛውም ትምህርት ከዚህ አያንስም። ውድና ርካሹን ለይቶ የሚነግር ሰው በየሱቁ ሞልቷል። እየጎዳው እውነቱን የሚነግራችሁ ሰው ግን አንድ ካላችሁ ባለጸጋ ናችሁ። ለመሆኑ የእናንተ ሰው ማን ነው? ያ ሰው እውነቱን ሲነግራችሁ ያጣው ምን እንደነበርስ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?