ንጉሡ የቆለፈባቸው ወፎች

«ተረት ተረት!»
«የመሠረት!»

በድሮ ጊዜ፣ ያ ደግ ዘመን ሳያልፍ፣ «እኔ» እና «አንተ» ወፎች ነበሩ። «እኔ» የሚናገረው ሰው ትከሻ ላይ ታርፋለች። «አንተ» እና «አንቺ» ወደሚያዳምጠው ሰው ይበራሉ። «እሱ» እና «እሷ» ርቆ የሄደውን ፈልገው ያገኛሉ። «እርስዎ» ሽማግሌ ፊት ዝቅ ብላ እጅ ትነሳለች። ትልቋ «እኛ» ናት፤ መንደሩን ሁሉ በክንፏ ታለብሳለች። እንዴት ደስ ይል ነበር!

ቢተው የሚባል ድሃ ሰው ሦስት ዓመት ብቻውን ጉድጓድ ቆፈረ። ውሃ ወጣለት። ንጉሡ ይህን ሰምቶ መጣ።

«የቆፈርኩት እኔ ነኝ!» አለ።

ውሃውን ለቤተ መንግሥት ብቻ አደረገው። ማንም «እኔ ነኝ» ብሎ እንዳይከራከረው ደግሞ ወፎቹን ሁሉ በብረት ሣጥን ቆለፈባቸው።

ከዚያ ወዲያ ሰው በስም ብቻ ይነጋገር ጀመር። የቢተው ልጅ ስንዱ «ጠማኝ» ማለት አቅቷት «አባባ፣ ስንዱን ጠማት» ስትለው ቢተው አለቀሰ።

ይህን ኤሊ ሰማች።

«ሣጥኑ የሚከፈተው ንጉሡ ራሱ ወፎቹን ሲጠራ ነው» አለች። «ቢተው ሄዶ ይሟገተው።»

በዚያ ዘመን «ተጠየቅ» የተባለ ሰው፣ ንጉሥም ቢሆን፣ ሳይመልስ አይቀመጥም ነበር። ቢተው አደባባይ ቆመ።

«ተጠየቅ! ጉድጓዱን የቆፈረ ማነው?»

«እኔ!» አለ ንጉሡ። «እኔ» ከሣጥኑ ፈትለክ ብላ ወጣች።

«ተጠየቅ! ውሸታሙስ ማነው?»

«አንተ! አንተ የማነህ ደፋር!» «አንተ» ወጣ።

«ተጠየቅ! በዚያ ለስላሳ መዳፍ ያ ሁሉ ድንጋይ እንዴት ወጣ?»

ሰው ሳቀ። ንጉሡ አፍሮ ወደ መኳንንቱ ጠቆመ።

«እኛ ነን! አብረን ነው የቆፈርነው!»

«እኛ» ክንፏን ዘረጋች። ሣጥኑ ተሰነጠቀ፤ ወፎቹ ሁሉ ወጡ።

«እኔ» በንጉሡ ራስ ላይ ዞረች፤ አላረፈችም። ሄዳ ቢተው ትከሻ ላይ ቁጭ አለች።

«የቆፈርኩት እኔ ነኝ» አለ ቢተው።

«አዎ፣ አንተ ነህ! እኛ አይተናል!» አለ ሕዝቡ።

ጉድጓዱ ለሁሉም ተከፈተ፤ ስንዱ ጠጣች፤ መንደሩም ጠጣ። ቢተው ግን ወደ ሕዝቡ ዞሮ ጠየቀ፦

«እናንተ፣ ካያችሁ ያኔ ለምን ዝም አላችሁ?»

ሁሉም አንገቱን ደፋ።

ልጆች፣ በሰው ድካም «እኔ» አትበሉ። የደከመውን ስታዩም «እሱ ነው» ለማለት አትፍሩ።

ተረቴን ተቀበሉኝ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አቀብሉኝ።