ጉንዳን የሚያውቀው ቤት

አንድ ሰው ነበረ፤ ተምሮ ወደ ሰፈሩ የተመለሰ። በዚያ ሰፈር አንድ የለስላሳ መጠጥ አከፋፋይ ሀብታም ለእድሩ ትልቅ ድንኳን ሰጥቶ ነበር። ውለታው ከባድ ነውና ድንኳኑ በተተከለበት ለቅሶ ሁሉ የእርሱ ለስላሳ ይቀርባል። የቀረበለትን ጠርሙስ ሳይጠጣ የመለሰ እንደ ኩሩ ይታያል።

ሰውየው አንድ ነገር አየ። ድንኳኑ ሲነሣ ለስላሳ ከፈሰሰበት መሬት ጉንዳን ይወጣል፤ በቀጭን መስመር መንገዱን አቋርጦ የአንድ ቤት ሽንት ቤት ይገባል። ውሎ አድሮ ድንኳኑ እዚያው ቤት ይተከላል። መስመሩን ያላየ ሰው አልነበረም። ግን ሁሉም ተራምዶት ያልፋል፤ ስለ እርሱ አይነጋገርም።

ሰውየው በእድሩ ስብሰባ ተነሥቶ፣ ጉንዳኑ የሚከተለው የስኳር በሽታ ከያዘው ሰው በሽንት የሚወጣውን ስኳር እንደሆነ አስረዳ፤ በለቅሶ ውሃ እንዲቀርብም ለመነ። የእድሩ ዳኛ ሳቀ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ተምረህ የደረስከው ሽንት ቤት ነው?»

ሀብታሙን ደፍሯል ተብሎ ከነቤተሰቡ ከእድሩ ተሰረዘ።

ከዚያ በኋላ መስመሩ ወደ እርሱ ግቢ ዞረ። ከለቅሶ የማትቀር እናት ነበረችው። ለስላሳውን እንድትተው ለመናት።

«ሰው የሚጠጣውን መልሼ ምን ልባል?» አለችው። «አንተ ያሰደብከኝ አይበቃም?»

እግሯ ቆሰለ፤ ዓይኗ ጠፋ፤ ሞተች። ድንኳን አልተተከለላትም። ከጎረቤት ማንም ብቅ አላለም። ለቅሶውን የደረሱት ጉንዳኖቹ ናቸው።

ቀጥሎ መስመሩ ዳኛው ደጅ ደረሰ። ዳኛው አመድ ነሰነሰበት። መስመሩ በአመዱ ላይ እንደገና ተሠመረ፤ ይበልጥ ጠቆረ። በዚያው ሰሞን በአንድ ለቅሶ ላይ ዳኛው ተነሥቶ ጠርሙሱን መሬት ላይ ደፋና ውሃ እንዲመጣ አዘዘ። ቄሱ ቀድመው ውሃውን ጠጡ፤ ለድንኳኑ ለስላሳ የምታቀርበው ባለሱቅ ሣጥኖቿን ለሀብታሙ መለሰች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ድንኳን ለስላሳ የጠየቀ የለም። ሰውየውን ይቅርታ የጠየቀውም የለም።

አሁን ወደ አንቺ፣ ወደ ጤና ሠራተኛዋ ልመለስ፣ ልጄ። ጤና ጣቢያው ስለ ስኳር በሽታ ካስተማረ አይበቃም ወይ፣ እድሩንና ቄሱን፣ ባለሱቋንም ምን ያስለምነኛል ብለሽ ጠይቀሽኛል። ሰውየው የተናገረው እውነት ነበር፤ ብቻውን ስለያዘው ግን እናቱን እንኳ አላዳነበትም። እናቱ የጠጣችው ጠምቷት አይደለም፤ ከሰው ላለመለየት ነው። ከሰው ጋር የተለመደ ነገር ከሰው ጋር ካልሆነ አይተውም። ስለዚህ ሂጂና የእኛንም እድር ዳኛ ለምኚ። ይስቅብሻል፤ ዋጪው። ግን ፍጠኚ፤ ቅድም ስትገቢ ደጄ ላይ መስመሩን ተራምደሽ ነው የመጣሽው።