በጎተራው ውስጥ የነበረው ስልቻ

አንድ ሰው ነበረ። ከአባቱ የወረሰው ጎተራ ጠበበውና ከነዘር ገብሱ በሰው አሸክሞ ወደ ጓሮ አዛወረው። አሮጌው ቆሞበት በነበረው ድንጋይ ላይም ሰፋ ያለ አዲስ ጎተራ አቆመ። ቤተሰቡም አዲሱን እንደ ድሮው «ጎተራው» እያለ ይጠራው ጀመር።

ክረምቱ ሲያልፍ አዲሱ ጎተራ እርጥበት አስገብቶ ተገኘ። ሰውየው አፈረ። የራሱን ስንዴ አውጥቶ ፀሐይ ላይ አሰጣ፤ ጎረቤቶቹንም ጠርቶ «ይህን አፍርሳችሁ የአባቴን ጎተራ እንደነበረ መልሱልኝ» አላቸው። የሚያየው ሰው ሳይበዛ ነገሩ እንዲያልቅለት ቸኩሎ ነበርና መጥረቢያውን ራሱ አንስቶ የመጀመሪያውን ምት አሳረፈ።

በተቀደደው በኩል ምስር ፈሰሰ።

ሰውየው ደነገጠ። እሱ ምስር ዘርቶ አያውቅም። ባሏ የሞተባት ጎረቤቱ እትዬ ደብሪቱ ድምፁን ሰምታ እየሮጠች መጣች። «ኧረ አንተ ሰው! ዘሬን!» አለች። ሐምሌ ላይ ቤቷ ሲያፈስባት ለሚስቱ በአደራ የሰጠችው ስልቻ ነበር፤ ሚስቱም ሳትነግረው ከጎተራው ጥግ ከስንዴው ሥር አስቀምጣው ነበር። ሌላ ዘር የላትም፤ መዝሪያውም ደርሷል።

ከጎረቤቶቹ አንዱ ቀልደኛ «እንደነበረ ይመለስ ብለሃል፤ ስልቻዋ ደግሞ ያኔ አልነበረችም። ምታ እንጂ!» አለው። የሳቀ የለም።

ሰውየው መጥረቢያውን አስቀመጠ።

«አላወቅሁም ነበር እትዬ።»

«አለማወቅህንማ አየሁት» አለችው።

ተንበርክኮ ምስሩን ከአፈሩ አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር፤ እሷም አጠገቡ ቁጭ አለች። ስልቻውን ሰፍተው ደጅ ቁርበት ላይ አኖሩት። አዲሱ ጎተራ የፈረሰው ከዚያ በኋላ ነው። አሮጌውም አፉ እንደተመረገ፣ ከነዘር ገብሱ፣ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ።

ልጄ፣ ሰው አንድ ፎልደር ወደ ሌላ ቦታ አንስቶ በዚያው ስም ሌላ ቢተካ፣ ኋላም «እንደነበረ መልስልኝ» ቢል፣ የምትሠሩት ፕሮግራም ምን ያድርግ ብለሽ ጠይቀሽኛል። ስማቸው አንድ ነው ብሎ አሮጌውን ከአዲሱ አይቀላቅል። አዲሱን ያንሳ፤ የቀድሞውን ከነያዘው በቦታው ይመልስ። ነገር ግን አዲሱ ውስጥ ፕሮግራሙ ራሱ በያዘው መዝገብ ያልተጻፈ ፋይል ካገኘ አይደምስሰው፤ አስቀድሞ ደጅ ያውጣና ባለቤቱን ይጥራ። አናውቀውም ያላችሁት ነገር የአንዲት ሴት የዓመት ዘር ሊሆን ይችላል።