የሐዘን ጺምና የከሰል ጭንብል

በአንድ ወቅት፣ ጠላት ከአውሮፕላን መርዝ በሚያዘንብበት ዘመን፣ ግራዝማች መኩሪያ የሚባሉ ሰው ሳንባቸው ተቃጥሎ፣ ቆዳቸው ተልጦ ሞቱ። ሲያጣጥሩ ልጆቻቸውን ካሴን፣ ውድነሽንና ደምሌን ጠርተው «ጠብመንጃዬ ደሜን ለመለሰ ይሁን» አሉ። አንድ ጠብመንጃ፣ ሦስት ወራሽ! የውድነሽ ልብ እዚያው ላይ ተሰቀለ። ጠብመንጃ የሌለው ስንቅ ይሸከማል፤ እሷን ደግሞ መሸከም አንገፍግፏታል።

ታላቅየው ካሴ ነገር መርማሪ ነው። ጥይት እየዘነበ በደረቱ ተስቦ፣ ከሞተ የጠላት ወታደር ፊት ላይ የመርዝ መከላከያ ጭንብሉን ገፍፎ መጣ። ሁለት ጣቱን ግን እዚያው ጥሎ ነው። ጭንብሉ በጥይት ተበሳስቶ ስለነበር ለመልበስ አልሆነም፤ ካሴ አየር የሚያጣራውን ቆርቆሮ በጩቤ ፈልቅቆ ውስጡን ሲያይ ሳቀ።

«ውዴ፣ የፈረንጅ ምስጢር ከሰል ነው!» አላት፣ ደሙ እየተንጠባጠበ።

ውድነሽ ከሰል ወቅጣ በሁለት ጨርቅ መሀል ሰፋችና ለአፍና ለአፍንጫ አደረገችው። የቀረውን ፊት ሰም በጠጣ አቡጀዲ ሸፍና የተበሳሳውን ጭንብል መነጽር ገጠመችበት። ከዚያ በጎራዴ የታወቀውን ደምሌን አልብሳ ለሙከራ በርበሬ አጨሰችበት። ጀግናው አነጠሰ፣ አለቀሰ፣ ተሳደበ! ጭሱ በጺሙ ሥር ይገባ ነበር።

«ተላጭ» አለችው።

«የአባቴን ደም ሳልመልስ ጺሜን የነካ፣ አንገቱን እቀላዋለሁ!»

ሐዘንተኛ ነውና አይፈረድበትም። እሷ ግን አረቄ አጠጣችውና በጠራራ ፀሐይ ሲያንኮራፋ ላጨችው።

ደምሌ ነቅቶ አገጩን ዳበሰ። ጎራዴውን መዘዘ፣ ፀጉሯን ጨምድዶ ስለቱን አንገቷ ላይ አሳረፈው። ይህን ጊዜ አውሮፕላኖቹ መጡ። ከቁልቁለቱ በታች ሰው እየጮኸ ይንከባለል ጀመር፤ በቅሎዎች ዓይናቸው ታውሮ ይጋጫሉ።

«መጀመሪያ ጠላትህን ግደል!» ብላ ጭንብሉን ደረቱ ላይ ወረወረችለት።

ለበሰው። ወንድምና እህቱ ወደ ጉብታው ሲሸሹ እሱ መርዙን ሰንጥቆ አለፈ፤ ማዶ መትረየስ የሚተኩሱትን ሦስት ሰዎች አንድ በአንድ በጎራዴ ጨረሳቸው። እጅና እግሩ ተልጦ ተመለሰ፤ ትንፋሹ ግን ደህና ነበር።

ሽማግሌዎች ጠብመንጃውን መሀል አስቀምጠው ለፍርድ ተቀመጡ።

«የገደልኩ እኔ!» አለ ደምሌ።

ካሴ ጎዶሎ እጁን ዘረጋ። «የጭንብሉን ምስጢር ያገኘሁትስ?»

«ትንፋሽህ በማን ስፌት፣ በማን ምላጭ ተረፈ?» አለች ውድነሽ፣ እጇን ጠብመንጃው ላይ ጭና።

«አንቺማ በአባቴ ሐዘን ላይ አዋርደሽኛል! ጠብመንጃ ሳይሆን ካሳ ነው የሚፈረድብሽ።»

ውድነሽ እውነቱን እንደሆነ ስለምታውቅ አለቀሰች፤ እጇን ከጠብመንጃው ላይ ግን አላነሳችም። ጦሩ ነገ ይነሳል፤ አንዱ ይተኩሳል፣ ሁለቱ ይሸከማሉ።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፦ የግራዝማችን ደም የመለሰው ማን ነው? ጠብመንጃውስ ለማን ይገባል?