የሙጬ ሁለተኛ በሬ

«በሬው አይሸጥም፤ አረፍ ብለህ ውኃ ጠጣ እንጂ ስለ እሱስ አታስብ» አለችው አንጓች።

ባለ አይሱዙው ነጋዴ ግራ ገባው። «ኧረ እትዬ፣ እኔ የመጣሁት ለዓሣው ነው።»

እኛ ሐይቅ ዳር፣ ሰው ጊዜው ያለፈበትን ነገር ታቅፎ ሲቀር የምንላት አባባል የተወለደችው ከዚሁ በሬ ጣጣ ነው።

አንጓች ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ባሏ ሙጬ ከጥማዱ አንዱን ሸጦ፣ በበርሜል የሚንሳፈፍ የመረብ ጋጥ ሐይቁ ላይ ዘርግቶ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ያረባል። የቀረው በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር እየተቀናጀ የቤቱን መሬት ያርሳል። እሱም ከሄደ መሬቱ ለእኩል አራሽ መሰጠቱ ነው።

ሁዳዴ ተጋምሷል፤ ከተማው ዓሣ ይሻማል። ነጋዴው መረቡን አስነስቶ አየና፣ «ለድስት ደርሷል፤ ዛሬውኑ ልጫን» አለ።

ሙጬ ደግሞ በግ ሲገዛ እንኳ ላቱን ሦስቴ ሳይመዝን የማይለቅ ሰው ነው። «ገና ክንድ ይሙላ። በሕማማት ና» አለው።

«ዓሣው ይጠብቅህ ይሆናል፤ ጾሙ ግን አይጠብቅህም» ብሎ ነጋዴው ባዶ መኪናውን አስነሣ።

ዓሣ ሲያድግ ሆዱም አብሮት ያድጋል። ሳምንት ይከርም የነበረው የዓሣው መኖ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ፣ በሦስት ቀን ያልቅ ጀመር። አንድ ቀን ሙጬ በሬውን ሲፈታ አንጓች ገመዱን ያዘችው።

«ይኸን እንኳ ለልጆቹ ተው።»

«ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ዓሣው ሲሸጥ ጥማዱን እመልስልሻለሁ።»

ገመዱን ለቀቀችው። በሬውን የመንደሩ ሰው ለፋሲካ ቅርጫ ገዛው፤ ዋጋው መኖ ሆነ፤ መኖውንም ቆሮሶ በላው።

ሕማማት ገባ፤ ነጋዴው ግን አልመጣም። ሐሙስ ዕለት ሙጬ ደወለለት።

«አሁን የምጭነው ዶሮ ነው» አለው ሰውዬው። «ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ማን ዓሣ ይገዛኛል? ከዚያ በኋላ ደውልልኝ።»

ሃምሳ ቀን ሙሉ መኖ ከየት ይምጣ?

በፋሲካ ማለዳ በሬው ታረደ። አንጓች ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። ሥጋው ቅጠል ላይ ሲመደብ ሙጬ ዝም ማለት አቃተውና፣ «ዓሦቹስ ክንድ ሞልተዋል» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

መደቡን የሚያስተካክሉት አዛውንት፣ አባ ቢሰጥ፣ ከቢላዋቸው ቀና ሳይሉ «ጾም ያመለጠው ዓሣ ጌታውን ይበላል» አሉት።