የእድሩ አፕና የእትዬ ዘነቡ ስልክ

ይህችን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል፤ ያልሰማ ቀረብ ብሎ ይስማ።

እትዬ ዘነቡ የፈለጉት አንዲት ትንሽ ነገር ነበር፤ ለቅሶ እንዳያመልጣቸው። ድሮ ሰው ሲሞት ጋሼ ደባስ በጥሩንባ ይለፍፉ ነበር፤ ጥሩንባው የማንንም ጆሮ ዕድሜ አይጠይቅም። እድሩ ወደ አፕ ሲዞር ጥሩንባው ምስማር ላይ ተሰቀለ። እትዬ ዘነቡም የሠላሳ ዓመት ጓደኛቸው አበራሽ ስትቀበር ሳይሰሙ ቀሩ።

"ክፈት እንጂ አንተ!" አሉት ስልካቸውን። ስልኩ፣ "ሲስተሜ አርጅቷል" ብሎ አፑን አልከፍትም አለ። ሟቹ ባላቸው የገዙላቸው ነው፤ አይጥሉት ነገር።

አፑን ወደሠራችው ወደ ማስተዋል ሄዱ። "ልጄ፣ ስልኩ አልከፍትም አለ፤ ለአሮጌም እንዲሆን አድርጊውማ።"

"እማማ፣ ለአሮጌ ሁሉ ስለፋ ልኖር ነው? ሰብሳቢው ካላዘዙኝ አልነካውም።"

ወደ ሰብሳቢው ወደ አቶ ንጋቱ ሄዱ። "ስልኩ አልከፍትም አለ፤ ማስተዋል አልነካም አለች፤ ይዘዟትማ።"

"ጸሐፊዋ ቆጥራ ባለ አሮጌ ስልኮች ብዙ ናቸው ካላለች አላዝም።"

ወደ ጸሐፊዋ ወደ ብርቄ ሄዱ። "ስልኩ አልከፍትም አለ፤ ማስተዋል አልነካም አለች፤ ንጋቱ አላዝም አሉ፤ ቁጠሪልኝማ።"

ብርቄ አፑን አየት አድርጋ፣ "አሮጌ ስልክ ያለው አባል፣ ዜሮ!" አለች።

"እንዴት ዜሮ? እኔ ማን ነኝ?"

"አፑን የከፈተ ነው የሚቆጠረው፣ እትዬ።"

"ያልተከፈተለትስ?"

"እሱማ አይታየኝም። ቤት ለቤት ዞሬ አልቆጥርም፤ ፊቴ ከቆሙ ግን እቆጥራለሁ።"

ወደ ጋሼ ደባስ ሄዱ። "ስልኩ አልከፍትም አለ፤ ማስተዋል አልነካም አለች፤ ንጋቱ አላዝም አሉ፤ ብርቄ ዞሬ አልቆጥርም አለች። ይንፉልኝማ ጋሼ፣ እንደ ድሮው።"

እሳቸውም አልነፋም ይላሉ ብላችሁ ጠብቃችኋል አይደል? የጋሼ ደባስ ዓይን እንባ ሞላ። "ሦስት ዓመት ሙሉ ንፋ ያለኝ ሰው አልነበረም" ብለው ከምስማሩ አወረዱት።

ጥሩንባው ጮኸ! ባለ አዲስ ስልኩ ስልኩን አየት አድርጎ፣ መርዶ ስለሌለበት ቁጭ አለ። አሮጌ የያዘው ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግር ብሎ ወጣ።

"ማን ሞተ? ኧረ ማን ሞተ?"

"ማንም! ልትቆጠሩ ነው!"

"በጤናህ ነው ደባስ?"

እየተሳደቡም እየሳቁም ብርቄ ፊት ተሰለፉ። ጥሩንባው ሰዉን ጠራ፤ ብርቄ አርባ አንድ ቆጠረች፤ ንጋቱ አዘዙ፤ ማስተዋል አፑን ለአሮጌው አበጀች፤ ስልኩም ከፈተ!

በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ የእትዬ ዘነቡ ስልክ ጢን አለ። ጋሼ ደባስ አርፈዋል። ለእሳቸው የሚነፋ አልነበረምና ስልኩ ነገራቸው። እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲደርሱ ድንኳኑ ገና አልተተከለም፤ ጥሩንባው ግን ምስማሩ ላይ ነበር።